«ከቦርዱ ደብዳቤ ደረሰኝ»፦ በአሜሪካ ለሚሠሩ ነርሶች የሕግ ጥያቄና መልስ

የዛሬውን ገጽ ለነርሶች ሰጥተነዋል። የጠያቂዎቹን ስምና የሥራ ቦታ አስቀርተን የሚኖሩበትን ስቴት ግን ጽፈናል። የነርስ ፈቃድ (ላይሰንስ) የሚሰጠውም የሚነጠቀውም በየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ነውና ለቴክሳስ የሚሆን መልስ ሜሪላንድ ላይ ላይሆን ይችላል። መልሶቹ መንገድ ለማሳየት ናቸው፤ የራስዎን ፋይል ያነበበ ጠበቃን አይተኩም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ በአንድ ነርሲንግ ሆም አርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ነበርኩ። ከአራት ወር በፊት የቀን ሺፍቷ ነርስ የሰጠችውን የደም ማቅጠኛ ቻርት ስላላደረገች (መዝገብ ላይ ስላልጻፈች) እኔ ደግሜ ሰጠሁ። ወዲያው ለሐኪሙ ነገርኩ፣ ክትትል ተደረገ፣ ታካሚዋም ምንም አልሆነችም። ከዚያ ሥራ ቀየርኩ። ባለፈው ሳምንት አንዲት መርማሪ ደውላ ጥቂት ጥያቄ እንዳላት፣ መቼ እንደሚመቸኝ ጠየቀችኝ። ሄጄ እውነቱን ብናገር አይበቃም?

መልስ፦ እውነቱን መናገር አለብዎት፤ ሳይዘጋጁ፣ በስልክ ግን አይሆንም። በቨርጂኒያ አቤቱታን የሚያጣራው የስቴቱ የጤና ሙያዎች መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ መርማሪዋ የሰበሰበችውን ለነርሲንግ ቦርዱ ታስረክባለች። ሰው አክባሪ ልትሆን ትችላለች፤ ቢሆንም የነገሯት ሁሉ ሪፖርት ውስጥ ይገባል። ፖሊስ እንደሚለው «ዝም የማለት መብት አለህ» ብሎ የሚያስጠነቅቅዎ የለም። መንግሥት በነፃ የሚያቆምልዎ ጠበቃም የለም፤ በራስዎ ወጪ ማቆም ግን መብትዎ ነው። ስለዚህ በስልክ የሚሉት ይህን ያህል ነው፦ «እተባበራለሁ፤ ጠበቃዬ ይደውልልዎታል፤ የጉዳዩን ቁጥርና መልስ የሚሰጥበትን ቀን ይንገሩኝ።» ይህን ብለው መጥፋት ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። በብዙ ስቴቶች ከምርመራ ጋር አለመተባበር ራሱን የቻለ ጥሰት ነው፤ በቀጠሮ አለመገኘትም በሌሉበት ውሳኔ ያሰጣል።

የግል የሙያ ኢንሹራንስ ካለዎት ዛሬውኑ ይደውሉለት። ውሉ ውስጥ የሚፈልጉት «ላይሰንስ ዲፌንስ» ወይም «ላይሰንስ ፕሮቴክሽን» የሚለውን አንቀጽ ነው፤ ለቦርድ ጉዳይ የጠበቃ ክፍያ እስከ ስንት እንደሚሸፍን እዚያ ላይ ተጽፏል። ዘግይቶ ማሳወቅ ሽፋኑን ሊያስቀር ይችላል። «መሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ አለው» የሚሉ ብዙ ናቸው። እሱ ታካሚ ካሳ ሲጠይቅ የሚሠራ ነው፤ ቦርድ ፊት ሲቀርቡ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስልዎትም፣ እንዲያውም አቤቱታውን ያቀረበው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ሊሆን ይችላል። ለተራ ስታፍ ነርስ የግሉ ዋጋ በአብዛኛው በዓመት ከ100 እስከ 200 ዶላር አካባቢ ነው። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ የሚገዛ ኢንሹራንስ ያንን ደብዳቤ አይሸፍንም።

ጠበቃ ሲመርጡ የኢሚግሬሽን ወይም የመኪና አደጋ ጉዳይ ጥሩ አድርጎ የጨረሰልዎትን ሰው አይያዙ። የሚፈልጉት በአስተዳደር ሕግ የሚሠራና በዚያው ስቴት የነርሲንግ ቦርድ ፊት የሚቀርብ ጠበቃ ነው። «ባለፈው ዓመት በዚህ ቦርድ ፊት ስንት ጉዳይ ይዘው ቀረቡ?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን ከዞረበት ሌላ ይፈልጉ።

እስከዚያው ሦስት ነገር አያድርጉ። የቀድሞ ባልደረባዎ ጋ ደውለው «ያን ቀን የሆነውን ታስታውሻለሽ አይደል?» አይበሉ፤ ምስክር ማባበል ይመስላል። ቴክስትና ቫይበር አይሰርዙ። የታካሚዋን ቻርት ደግሞ በማንም በኩል አያስከፍቱ። እርስዎ ከዚያ ለቀዋልና የማየት ሥልጣን የለዎትም፤ አንዱን አቤቱታ ሁለት ያደርጉታል። ቻርቱን ጠበቃዎ በሕጋዊ መንገድ ያስመጣዋል። በእርስዎ ጉዳይ ይህ የሚጠቅምዎ ነው፤ መድኃኒቱን ሲሰጡ ባርኮድ ስካን ካደረጉና ስክሪኑ «ገና ያልተሰጠ» ብሎ ካሳየዎት፣ ሲስተሙ ያንን በደቂቃ መዝግቦ አስቀምጦታል። የሚያስታውሱትን ግን ዛሬ ይጻፉት፤ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳለ፣ ለየትኛው ሐኪም እንደደወሉ። «ለጠበቃዬ የተዘጋጀ» ብለው ከላይ ያስፍሩና ለጠበቃዎ ብቻ ይስጡት።

አንድ የእኛው የሆነ ነገር አለ። አበሻ ሲጨነቅ ይቅርታ ይጠይቃል። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ በጣም አዝናለሁ» ለእኛ ጨዋነት ነው፤ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ መርማሪ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን የእምነት ቃል ነው። ያደረጉትን ያደረጉትን ያህል ብቻ ይናገሩ፦ «መዝገቡ አልተሰጠም ይል ነበር፤ ሰጠሁ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ መደገሙን አወቅሁ፤ ለሐኪም ደወልኩ፤ የሚከተለው ታዘዘ።» ጥያቄው ካልገባዎት በግምት «የስ» አይበሉ፤ እንዲደገም ወይም በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

በጽሑፍ የሚሰጠው መልስ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ድርጊቱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰፍራል፣ ስህተቱ ሲታወቅ የተደረገው ይከተላል፣ ከዚያ በኋላ የተማሩት ይገለጻል። ስለ መድኃኒት ደኅንነት የወሰዱት ኮርስ ሰርተፊኬት፣ የሥራ ግምገማና ሥራዎን የሚያውቅ የነርስ ማኔጀር ደብዳቤ አባሪ ይሆናሉ። የቀን ሺፍቷን ነርስ መክሰስ ግን አይጠቅምዎትም፤ «አልጻፈችም» የሚለው ሐቅ አንዴ ተነግሮ ይበቃል። ቦርዱ የሚመዝነው ይህች ነርስ ነገ ታካሚ ጋ ብትገባ አደጋ አለ ወይ የሚለውን ነው፤ ሰበብ የሚደረድር ነርስ ደግሞ ያስፈራዋል። ወዲያው የተነገረ፣ ጉዳት ያላደረሰ አንድ ስህተት ፈቃድ ሲያስነጥቅ ብዙ አይታይም፤ መደበቁና መዝገብ መነካካቱ ነው የሚያስነጥቀው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት እሠራለሁ። ትናንት ማኔጀሬና የኤችአር ሰው ጠርተው፣ በሦስት ወር ከፒክሲስ (ከመድኃኒት ማውጫው የኮምፒውተር ቁም ሳጥን) ያወጣሁት ናርኮቲክና ቻርት ያደረግኩት አይገጥምም አሉኝ። የሆነውን አሁኑኑ ጽፈሽ ፈርሚ ብለውኛል። አንድም ኪኒን አልነካሁም፤ ሥራ ስለሚበዛብኝ ዌስት የማደርገው (የተረፈውን መድኃኒት የማስወግደው) ዘግይቼ ነው። ልልቀቅላቸው?

መልስ፦ መልቀቅ ሪፖርቱን አያስቀረውም፤ «ስትጠየቅ ለቀቀች» ተብሎ ይጨመርበታል እንጂ። ቃልዎንም እዚያው ቁጭ ብለው አይጻፉ። «ቃሌን እሰጣለሁ፤ መጀመሪያ መዝገቡን አሳዩኝና ጠበቃ ላማክር» ይበሉ። የሽንት ምርመራ ከተጠየቁ ግን እምቢ አይበሉ፤ እምቢታ በብዙ ቦታ እንደ ፖዚቲቭ ይቆጠራል። ሳይመረምሩ ካሰናበቱዎት በዚያው ቀን በራስዎ ወጪ ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በሚመዘገብበት ላቦራቶሪ ስለመመርመር ጠበቃዎን ያማክሩ። ከሳምንት በኋላ የሚመጣ ንጹሕ ውጤት ብዙም አይረዳም።

ኦዲቱ እንዴት እንደሚሠራ ቢያውቁት ይጠቅምዎታል። ሦስት ዓምድ ጎን ለጎን ይደረደራል፦ የወጣው፣ የተሰጠው፣ የተወገደው። ትዕዛዙ ሞርፊን 2 ሚሊግራም፣ ያለው ሲሪንጅ 4 ሚሊግራም ነው እንበል። 02:10 ያወጣሉ፣ 02:15 ሰጥተው ቻርት ያደርጋሉ፤ የቀረው 2 ሚሊግራም ምስክሯ በዓይኗ እያየች ይወገድና ሁለታችሁም እዚያው ትፈርማላችሁ። እርስዎ እንዳሉት ዘግይተው 06:40 ላይ ዌስት ካደረጉ ግን ያ 2 ሚሊግራም ለአራት ሰዓት ተኩል የት ነበር? ኪስ ውስጥ። ይህ በወር አሥር ጊዜ ከሆነ መርማሪው የሚያየው 20 ሚሊግራም የት እንደዋለ ያልታወቀ ሞርፊን ነው። በዚያ ላይ ምስክሯ ሁልጊዜ አንዲት ጓደኛዎ ከሆነችና ሳታይ ከፈረመች፣ እሷም የራሷ ደብዳቤ ይደርሳታል። ኦዲተሮች ሌላም ይፈልጋሉ፦ ከባልደረቦችዎ የበለጠ ማውጣት፣ ከወጣ ታካሚ ስም መድኃኒት መጎተት፣ ያለ ፋርማሲ ማረጋገጫ በኦቨርራይድ ማውጣት፣ ከሰጡ በኋላ የሕመም መጠኑን ተመልሶ አለመጻፍ። መከላከያዎም ከዚያው ከመዝገቡ ይወጣል። ያን ሌሊት ስንት ታካሚ ነበረዎት? በዚያው ሰዓት ኮድ ብሉ (የልብ ወይም የትንፋሽ መቆም ጥሪ) ወይም አዲስ ገቢ ታካሚ ነበር? ሌሎቹ የሌሊት ነርሶችስ ዌስት የሚያደርጉት ስንት ሰዓት ላይ ነው?

የጎደለ ሰዓት ለመሙላት አሁን ወደ ቻርት አይግቡ። ሲስተሙ የተጻፈበትን እውነተኛ ሰዓት ይይዛል፤ «ዘግይቶ የገባ» ተብሎ ያልተሰየመ ጭማሪ ማስመሰል ይባላል።

ስለ ምርመራ ካነሳን አይቀር፤ ጫት እዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ሄሮይን ካለበት ከአንደኛው ምድብ ውስጥ ነው፤ ሰፋ ባለ ምርመራ ሊወጣም ይችላል። ማሪዋናም ቀልድ አይደለም። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ለአዋቂ ፈቅዳለች፤ ለመዝናናት መፈቀዱ ግን ፖዚቲቭ ውጤት ያለበትን ነርስ ከመሥሪያ ቤቱም ሆነ ከቦርዱ ጥያቄ አያድነውም።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነኝ። የጓደኛዬ እናት እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ሌላ ፎቅ ላይ ተኝተው ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ልጆቻቸው ስለተጨነቁ ላብ ውጤታቸውን ከፍቼ አይቼ ነገርኳቸው። እናትየውም ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል። ጥፋት ነው?

መልስ፦ ነው። የታካሚ ቻርት የሚከፈተው ለሥራዎ ሲያስፈልግ ብቻ ነው፤ በጎ ልብ ፈቃድ አይሆንም፣ የታካሚዋ ደስታም ቢሆን። ማን፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ የትኛውን ገጽ ከፍቶ ስንት ጊዜ እንደቆየ ይመዘገባል፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ከታካሚው ክፍል ውጭ የሆነ ሠራተኛ ሲገባ የሚጠቁም ፕሮግራም አላቸው። እስካሁን ካልተጠየቁ እንደገና አይክፈቱ፣ ከጠበቃ ጋር ሳይማከሩም ለማንም አይጻፉ። ከተጠየቁ አይካዱ፤ መዝገቡ አለና ክሕደቱ ከድርጊቱ ይከፋብዎታል። ከእንግዲህ ቤተሰብ ሲለምንዎት እናትየው በማይቻርት (ታካሚው መዝገቡን በኢንተርኔት በሚያይበት ገጽ) ራሳቸው እንዲያዩ ወይም ለልጃቸው በጽሑፍ ፈቃድ እንዲሰጡ ይርዷቸው። የራስዎንም ቻርት በሥራ መግቢያዎ አይክፈቱ፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይከለክላሉ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ጥያቄ ከአንዲት የሚኔሶታ ነርስ ደርሶናል፦ «ሐኪሙ አማርኛ ለሚናገሩ ታካሚ የኦፕሬሽን ስምምነት እንዳስተረጉም ያዘኛል፤ እምቢ ማለት እችላለሁ?» ይችላሉ፤ ማለትም ይሻልዎታል። የፌዴራል ሕግ ሆስፒታሉን ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል፤ አማርኛ መቻል ብቻውን ብቁ አያሰኝም። «ፔርፎሬሽን»ን ወይም «ሪሴክሽን»ን በቆሙበት ወደ አማርኛ ለመመለስ ይሞክሩት እስቲ። ነገ ታካሚው «አልገባኝም ነበር» ቢሉ ስምዎ ወረቀቱ ላይ ነው። የስልክ ወይም የቪዲዮ አስተርጓሚ ይጥሩና የአስተርጓሚውን መለያ ቁጥር ቻርት ላይ ያስፍሩ። ውሃ ጠማዎት ወይ፣ ሕመሙ እንዴት ነው ብሎ በአማርኛ መጠየቅ ግን የነርስነትዎ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ከሆስፒታል ሥራዬ ጎን ለአራት አሲስትድ ሊቪንግ (የአዛውንት መንከባከቢያ) ቤቶች ዴሊጌቲንግ ነርስ (መድኃኒት መስጠትን ለሠራተኛ ወክላ የምትቆጣጠር) ነኝ። ባለቤቶቹ የአገሬ ልጆች ናቸው። አንደኛው የ45 ቀኑን ግምገማ «አንቺ ፈርሚ እንጂ መምጣቱ አያስፈልግም፤ የተለወጠ ነገር የለም» ይለኛል። ሁለት ጊዜ ሳልሄድ ፈርሜያለሁ። አሁን ኢንስፔክተር መጥቶ ወረቀቱን ወስዷል።

መልስ፦ በዛሬው ገጽ ካሉት ሁሉ የሚያስጨንቀን የእርስዎ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ መድኃኒት የሚሰጠው ሜዲኬሽን ቴክኒሺያን የሚሠራው በእርስዎ ላይሰንስ ሥር ነው። በየ45 ቀኑ ቤቱ ድረስ ሄዶ ታካሚውን ማየትና ሠራተኛው በትክክል መስጠቱን ማረጋገጥ የውክልናው መሠረት ነው። ሳይሄዱ «አይቻለሁ» ብሎ መፈረም የመዝገብ ማጭበርበር ይባላል፤ ቦርድ ፊት ከመድኃኒት ስህተት ይልቅ ይከብዳል፤ ስህተት ይታረማል፣ የማይታመን ፊርማን ግን ምን ያርመዋል? ቤቶቹን የሚቆጣጠረው የስቴቱ የጤና ጥራት ቢሮ ያገኘውን ለነርሲንግ ቦርድ ሊያስተላልፍ ይችላል።

እንዴት እንደሚታወቅ ለሚጠይቁ፦ ግምገማው ላይ «ረቡዕ 10:00 ጥዋት» ተብሎ ተጽፎ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ክሎክ ኢን አድርገው ከተገኙ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የጎብኚዎች መፈረሚያ ደብተር፣ የኢዚ ፓስ (የመንገድ ክፍያ) መዝገብ፣ ካለፈው ጊዜ እስከ ነጥቡ የተገለበጠ የደም ግፊት ቁጥር፣ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ አዛውንት «ቤት ውስጥ ታይተዋል» ተብሎ መጻፉ፤ ሁሉም ያጋልጣል።

አሁን የሚያደርጉት ይህ ነው። ጠበቃ ዛሬ፤ ነገ አይበሉ። ሁለቱን ወረቀቶች አይተኩ፣ አዲስ ቀን አይጻፉ፣ ከባለቤቱ ጋር «እንዲህ እንበል» የሚል ወሬ አይጀምሩ፤ ያንን ቴክስት ነገ እሱ ራሱን ለማዳን ሊያሳየው ይችላል። ቀሪዎቹን ነዋሪዎች በዚህ ሳምንት ሄደው ይዩ፤ የዛሬውን በዛሬው ቀን ይጻፉ። የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ ክብደት፣ የቆዳ ሁኔታ፣ የመድኃኒት መስጫ ወረቀቱን ከእያንዳንዱ ብልቃጥ ጋር ማመሳከርዎን፣ ቴክኒሺያኑ ሲሰጥ ቆመው ማየትዎን ይመዝግቡ። በዚያ ቤት መቀጠል ካልፈለጉ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ውክልናዎ የሚያበቃበትን ቀን ይግለጹና ተተኪ ነርስ እስኪገኝ በቂ ጊዜ ይስጡ። በአንድ ስልክ ጥሎ መውጣት ሌላ ክስ ይወልዳል።

የአገር ልጅነቱን በተመለከተ፣ ባለቤቱ የሚያጣው የቤቱን ፈቃድ ነው፤ በሌላ ሰው ስም ሌላ ቤት ሊከፍት ይችል ይሆናል። እርስዎ በሌላ ሰው ስም ነርስ መሆን አይችሉም።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነኝ፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ከሠርግ ስመለስ ጠጥቶ በማሽከርከር ተያዝኩ። ጠበቃዬ ዲፈርድ አጁዲኬሽን (ፍርዱ ሳይሰጥ በገደብ መቆየት) አግኝቶልኛል፤ «ስትጨርስ ክሱ ይዘጋል» ብሏል። ላይሰንስ ሳድስ «አልተከሰስኩም» ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። የቴክሳስ ቦርድ ቅጽ የሚጠይቀው «ተፈርዶብሃል?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ ጥፋተኛ ነኝ ወይም አልከራከርም ማለትን፣ ዲፈርድ አጁዲኬሽንንና ፕሮቤሽንንም በስም ይጠራል። ጥያቄውን በፍርድ ቤት ቋንቋ ቃል በቃል ያንብቡት፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ጠበቃው «ንጹሕ ነህ» ያለውን ይዞ ቅጹን ሳያነብ ነው። የጣት አሻራዎ ፋይል ውስጥ ስላለ ቦርዱ ማወቁ አይቀርም፤ ያኔ ጉዳዩ ከመጠጥ ወደ ውሸት ይለወጣል።

ሲያሳውቁ በፍርድ ቤቱ የተረጋገጠ የክስና የውሳኔ ግልባጭ፣ ያጠናቀቁትን ኮርስና የከፈሉትን ቅጣት ማስረጃ፣ እንዲሁም ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ማብራሪያ ያያይዙ። ማብራሪያው ላይ «ሁለት ቢራ ብቻ» ብለው አይጀምሩ፤ የአልኮል መጠንዎ ፖሊስ ሪፖርቱ ላይ አለ። አንድ የመጀመሪያ ጥፋት ብቻውን ብዙ ጊዜ ላይሰንስ አያስወስድም፤ ቦርዱ የሚያሳስበው የመጠጥ ችግር ይኖር ይሆን የሚለው ነው። የክትትል ፕሮግራም እንዲገቡ ሐሳብ ከቀረበልዎ ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃ ያሳዩት። በፕሮግራሙ አልኮል ጨርሶ የተከለከለ ነው፤ ምርመራውም የሚጠራዎ በማያውቁት ቀን ነው፤ የክርስትና ቤት ጠጅና ጠላም ይቆጠራል፤ የሽንት ምርመራው ለቀናት ወደ ኋላ ሄዶ ያገኘዋል። በፕሮግራሙ ሳሉም ባለ ብዙ ስቴት ላይሰንስ ሊይዙ አይችሉም።

ሌላም አለ። በኢሚግሬሽን ሕግ ጥፋተኛ ነኝ ብለው ዳኛው አንዳች ቅጣት ወይም ገደብ ከጣለ፣ ስቴቱ «ዘግቼዋለሁ» ቢልም እንደ ፍርድ ሊቆጠር ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 በፓዲያ ጉዳይ እንደወሰነው፣ የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው ይህን የመንገር ግዴታ አለበት። ካልነገረዎት ዜግነት ከማመልከትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ። ቴክሳስ ውስጥ ገና ተማሪ ሆናችሁ እንዲህ ያለ ነገር ያለባችሁ ደግሞ፣ ትምህርቱን ጨርሳችሁ ከመታገድ በፊት ቦርዱን በ«ዲክላራቶሪ ኦርደር» አስቀድሞ ማስወሰን ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ወደ ሂውስተን ልዛወር ነው። ላይሰንሴ ኮምፓክት (በስምምነቱ አባል ስቴቶች ሁሉ የሚሠራ) ስለሆነ በሱ መቀጠል እችላለሁ አይደል?

መልስ፦ ለአጭር ጊዜ ብቻ። ኮምፓክት ላይሰንስ የሚሰጠው በቋሚ መኖሪያ ስቴትዎ ነው። ከጥር 2024 መጀመሪያ ወዲህ ወደ ሌላ የኮምፓክት ስቴት የተዛወረ ነርስ በ60 ቀን ውስጥ በአዲሱ ስቴት ማመልከት አለበት። መንጃ ፈቃድና የመራጭነት ምዝገባ ቴክሳስ፣ ላይሰንስ ቨርጂኒያ ሆኖ መቆየት ያስጠይቃል። ካሊፎርኒያ ወይም ኒውዮርክ ቢሆን ኖሮ ኮምፓክት ውስጥ ስላልሆኑ ከመጀመሪያው ቀን በፊት የዚያ ስቴት ላይሰንስ ያስፈልግዎት ነበር። አድራሻዎን ቦርዱ ዘንድ ይለውጡ፤ ደብዳቤ የሚላከው ፋይል ላይ ወዳለው አድራሻ ነው፣ «አልደረሰኝም» አያድንም። ነርሲስ በተባለው ብሔራዊ የነርስ ፈቃድ መዝገብ ላይ ኢ-ኖቲፋይ በነፃ ይመዝገቡ፤ ላይሰንስዎ ላይ ለውጥ ሲኖር ኢሜይል ይልክልዎታል።

ጥያቄ፦ ጆርጂያ ነኝ። የተማርኩት ፍሎሪዳ፣ በኋላ የሐሰት ዲፕሎማ ሸጧል በተባለ ትምህርት ቤት ነው። እኔ ግን ክፍል ገብቼ ተምሬያለሁ፣ ኤንክሌክስንም (የነርስ ፈቃድ ፈተናውን) በአንድ ጊዜ አልፌያለሁ። ላይሰንሴን በፈቃዴ እንድመልስ ደብዳቤ መጣ። ብመልስ ይተዉኛል? ሰልችቶኛል።

መልስ፦ መሰልቸትዎ ይገባናል፤ ግን አይፈርሙ፣ ቢያንስ ጠበቃ ሳያየው። በጥር 2023 የፌዴራል መንግሥት ኦፕሬሽን ናይቲንጌል ብሎ ይፋ ባደረገው ምርመራ፣ ሦስት የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማ መሸጣቸው ተገልጿል። ቦርዶች ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች የወጣን ሁሉ በጥርጣሬ የሚያዩት ለዚህ ነው። ፈተናውን ማለፍዎ ብቻውን አያድንዎትም፤ ሕጉ መጀመሪያ እውቅና ካለው ፕሮግራም በትክክል መመረቅን ይጠይቃልና።

ምርመራ እየተካሄደ ላይሰንስ «በፈቃድ» መመለስ እንደ ቅጣት ይቆጠራል። ለብሔራዊ የጤና ባለሙያዎች መረጃ ቋት በ30 ቀን ውስጥ ይተላለፋል፣ ነርሲስ ላይ ይወጣል፣ ሌላ ስቴት ላይሰንስ ካለዎት ያም ቦርድ ይነሳል። ከዚህ የባሰው፣ የፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ኢንስፔክተር ጄኔራል በዚሁ ምክንያት ከመንግሥት የጤና መድን ፕሮግራሞቹ ከሜዲኬርና ከሜዲኬይድ ሊያግድዎ ይችላል። የታገደ ሰው ከእነዚህ ገንዘብ በሚያገኝ ቦታ በነርስነት ቀርቶ በቢሮ ሠራተኝነትም ሊቀጠር አይችልም ማለት ይቻላል።

ይልቅ መማርዎን የሚያሳይ ነገር ሁሉ ይሰብስቡ። ለትምህርት ቤቱ የከፈሉበት የባንክ ወረቀት በየወሩ፣ ከአትላንታ ወደ ፍሎሪዳ የተጓዙበት ቲኬት ወይም የነዳጅና የሆቴል ክፍያ፣ ክሊኒካል (የተግባር ልምምድ) የሠሩበት ቦታ ስምና የተቆጣጠረችዎ ነርስ፣ የክሊኒካል ሰዓት መዝገብ፣ የክፍል ጓደኞች፣ በዚያን ጊዜ የተላላኩት ኢሜይልና የቤት ሥራ፣ የቀድሞ የኤልፒኤን (ከአርኤን በታች ያለ የነርስ ደረጃ) ትራንስክሪፕት ካለም እሱ። በዚያው ሰዓት ሌላ ስቴት ሙሉ ጊዜ ይሠሩ ከነበረ ጠበቃዎ ቀድሞ ይወቀው፤ ቦርዱ የደመወዝ መዝገብ ሊያስመጣ ይችላል። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን እንዳያልፍ በዚያው ውስጥ «አልመልስም፤ እንድሰማ እጠይቃለሁ» የሚል የጽሑፍ መልስ፣ መድረሱ በፊርማ በሚረጋገጥ ፖስታ ይላክ። የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከፋይሉ ጋር ያያይዙት።